አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ

እስከዳር ክንዱ ሰው ማመን ካቆመች ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ቀኑን በደንብ ታውቀዋለች። የቀለበቷ ሳምንት ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ አምሳል ጠላውን ጠምቀው፣ ዘመድ ከየአገሩ ተጠርቶ ሳለ የእጮኛዋ ሚስት ሁለት ልጆች ይዛ ከመተማ ከች አለች። አባቷ አቶ ክንዱ በጡረታ የተገለሉ አስተማሪ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የጋብቻ ነገር ከተነሳ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ይጀምራሉ። እስከዳር ግን ሰው ፊት አላለቀሰችም። ሰኞ ጠዋት ሥራዋ ላይ ተገኘች።

ሥራዋም ቢሆን ሰው ለማመን የሚያበረታታ አልነበረም። ጎንደር ከተማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ የምስክሮችን የተቀዳ ቃል እያዳመጠች ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ማን እንደሚያስል፣ ማን ምራቁን እንደሚውጥ፣ ማን ከመመለሱ በፊት ሁለት ጊዜ እንደሚተነፍስ ስትሰማ ትውላለች። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ገብቷታል። እውነተኛ ምስክር ይሳሳታል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ «ቆይ እስኪ ላስታውስ» ይላል። አጥንቶ የመጣ ግን አይደናቀፍም።

ባምላክ አይደናቀፍም ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የተዋወቁት በተበላሸ ማዳመጫ ምክንያት ነው። የግራ ጆሮው ድምፅ አልሰጥ ሲላት ንብረት ክፍል ሄደች፤ «አዲስ በጀት ሲገባ ነይ» አሏት። ተናዳ አውቶፓርኮ ሰፈር ወረደችና «ራዲዮ፣ ቴፕና ስፒከር እንጠግናለን» የሚል ሰሌዳ ያለበት ጠባብ ሱቅ ገባች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ቀጭን ሰው የመበየጃ ብረት በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ሥር ሙዚቃ ይሰማል።

«ጤና ይስጥልኝ።»

ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን አነሳ። «አንዴ እህቴ፣ ይጨርስ።»

«ማን ነው የሚጨርሰው?»

«ትራምፔቱ።»

እስከዳር በሕይወቷ ለትራምፔት ተራ ይዛ አታውቅም። ልትወጣ ብላ ነበር፤ ግን ሰውየው እንዲህ ተመስጦ ምን እንደሚሰማ የማወቅ ክፉ አመል ያዛትና ቆመች። ሙዚቃው ሲያልቅ ዓይኑን ገለጠና አያት። ትንሽ ረዘም አድርጎ አያት። ከዚያ ማዳመጫውን ተቀብሎ ፈታው።

«የፍርድ ቤት ነው?» አለ ማኅተሙን አይቶ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ውሸት ብቻ ነዋ የሰማ። ቆይ አንድ እውነት ላሰማው።»

ሽቦውን በይዶ ሲጨርስ ማዳመጫውን ራሱ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። አንድ ሳክስፎን በቀስታ እየተነሳ መጣ። የሚያውቁት የባቲ ቅኝት ይመስላል፤ ከዚያ ጥሎት ይሄዳል፤ ጠፋ ስትል ደግሞ በሌላ በር ይመለሳል። እስከዳር ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ሳትፈልግ ድምፅ ሰማች። ሲያልቅ ሒሳቡን ጠየቀች።

«ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።»

«እመለሳለሁ ያለህ ማን ነው?»

«የቀኙም ሽቦ አርጅቷል። ከሁለት ሳምንት አያልፍም።»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የቀኙ ዝም አለ። እስከዳር ገስግሳ ወረደች። «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» አለችው ከበሩ ሳትገባ። ባምላክ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ አሮጌውን ሽቦ አውጥቶ የተበላበትን ቦታ አሳያት። እሷ አገላብጣ መረመረችው። እውነትም በራሱ ጊዜ ያለቀ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ሳምንት ሙሉ ስትጠረጥረው ሰነበተች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ ስትጨርስ በአውቶፓርኮ በኩል ማለፍ ለመደች። መንገዷ አልነበረም።

ባምላክ ጃዝ የሚወደው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው የተጫዋች ስም ይጠራል፤ እሱ ተጫዋቹ የተነፈሰበትን ቦታ ይጠራል። ፍቅሩ የጀመረው ኮላ ድባ፣ በአባቱ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» አላት አንድ ቀን። «ሞተሩ ዱክ ዱክ ዱክ ይላል፣ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ራዲዮኑ ከላይ ተንጠልጥሏል፣ የሚሰማው ግን የለም። አንድ ቀን ከሞተሩ ሥር የሆነ ነገር ሰማሁ። ዘፈን እንዳልለው የሚዘፍን ሰው የለበትም። ትዝታ እንዳልለው፣ ትዝታው እየሄደ ሌላ ቦታ ይገባና ደግሞ ይመለሳል። ስልቻ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ገበሬዎቹ አባቴን ‹ምነው ልጅህ ደነዘዘ?› አሉት።»

«ታዲያ ምን አላቸው?»

«‹ከሞተሩ ጋር እያወራ ነው› አለ። እውነቱን ነበር።»

ከጠረጴዛው ኋላ ባለው መደርደሪያ አርባ ያህል ሸክላና ቁጥር የሌለው ካሴት አለው። አንዱ ካሴት ከቅጂ ቅጂ የተቀዳ ነው፤ ፒያኖው ሊገባ ሲል በቀጂው ግቢ ውስጥ የነበረ ውሻ ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ባምላክ ያንን ሙዚቃ በኋላ ንጹሕ ሆኖ ስልክ ላይ አገኘው፤ ግን አልጣመውም። «ውሻው የለበትማ» አላት በቁም ነገር። አንድ ሸክላ ደግሞ ቫይብራፎን የተባለው መሣሪያ በሚገባበት ቦታ ላይ ጭረት አለበት። እዚያ ሲደርስ መርፌው ይዘላል፣ ባምላክም የጎደለችውን ዜማ በከንፈሩ ይሞላታል። እስከዳር ያንን ከንፈር እያየች ዝም የምትልበት ጊዜ በዛ። እሱም ዝምታዋን ሰምቶ ቀና ይልና ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ሁለቱም ያኔ የሚሠሩት ሥራ ይፈልጋሉ።

ከሁሉ የምትወደው ግን የኮንሰርት ትዝታውን ሲያወራላት ነበር። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ የትራምፔቱ ድምፅ ውኃው ላይ ሄዶ ዘግይቶ ሲመለስ፤ ትራምፔተኛው ይህን ሲያውቅ ቆም እያለ ራሱን ሲጠብቅ። አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ የቤዙ ድምፅ በግድግዳው አልፎ እግር ሥር ሲደርስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጎንደሩ።

«በሁለት ሺህ አምስት፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ እሁድ ከሰዓት» ይላል ሁልጊዜ ሲጀምር። «ፒያሳ፣ መስኮት የሌለው አሮጌ አዳራሽ። አንገረብ ጃዝ ባንድ፤ ሳክስፎኑ ዕንባቆም። ሦስተኛው ሙዚቃ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ጠፋ፣ ቤዙ ጠፋ፣ ድራሙ ትንሽ ተንገዳግዶ እሱም ተወው። ዕንባቆም ግን አላቆመም። ብቻውን በአምባሰል ቅኝት ገባ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። እስኩ፣ እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።»

መጀመሪያ ሲነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለተኛ ሲነግራት ጆሮዋ ነቃ። ሦስተኛ ጊዜ ራሷ አስነግራው ከመጀመሪያው ጋር ቃል በቃል አስተያየችው። ያው ቃል፣ ያው ሰከንድ። ሙዚቃ እየሰማ ሰከንድ የሚቆጥር ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይህ በሆነ በሁለት ቀኑ ባምላክ የመበየጃውን ብረት አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

እስከዳር ወደደችው። ይህን መካድ አይቻልም፤ እሷም ለራሷ አልካደችም። «ላክ» አለችው። የሚመጡት እሁድ ሆነ። መንገድ እስኪያልቅ ልቧ በደስታ ይዘል ነበር። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ግን ያ የመተማው እጮኛ ትዝ አላት፤ እሱም ሲያወራ አይደናቀፍም ነበር።

በማግሥቱ እንደ ቀልድ ጥያቄ አነሳች።

«ዕንባቆም ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

«አላስተዋልኩም።»

«የት ተቀምጠህ ነበር?»

«ከኋላ።»

«ባሕር ዳርስ፣ ሐይቁ ማዕበል ነበረው?»

«አ...ላስታውስም።»

«ዕንባቆም ሲጫወት ቆሞ ነበር ወይስ ተቀምጦ?»

ባምላክ ሁለት ሰከንድ ዝም አለ። ሁለት ሰከንድ እስከዳር ዘንድ ረጅም ጊዜ ነው።

«ቆሞ» አለ።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ወደ ጋሼ ኢዮስያስ ሙዚቃ ቤት ሄደች። ካሴት ከጠፋ በኋላም ሱቃቸውን ያልዘጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያንን ኮንሰርት ያዘጋጁት እሳቸው እንደሆኑ ባምላክ ራሱ ነግሯታል። ስለዚያ እሁድ ስትጠይቃቸው ፊታቸው በራ።

«በጥሪ ብቻ ነበር ልጄ። ስልሳ ወንበር። ማን የት እንደተቀመጠ ዛሬም በቃሌ እነግርሻለሁ።»

«ባምላክ የሚባል፣ አሁን አውቶፓርኮ ራዲዮ የሚጠግን...»

«አውቀዋለሁ፣ ሸጋ ልጅ ነው። እዚያ ግን አልነበረም።»

«ከኋላ ነበርኩ ነው የሚለው።»

«የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከኋላ በሩ ሥር፣ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። መብራት ስለማላምን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ጭኔ ላይ አድርጌ እቀዳ ነበር። ከእኔ ኋላ ሰው አልነበረም።»

«ዕንባቆም የተጫወተው ቆሞ ነው?»

ጋሼ ኢዮስያስ ሳቁ። «እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ በምን ይቆማል? ወንበር ላይ ነው እንጂ! ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ምንም አለመሆኗን ነገረቻቸው። ሰውየው ልጅቱ ኮንሰርቱን ወድዳ መስሏቸው የዚያን ቀን ቅጂ በፍላሽ ጭነው ሰጧት። ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራው ወጣች።

«አባባ» አለች ቤት እንደገባች፣ «የእሁዱን ሽማግሌዎች መልሱልኝ።»

አቶ ክንዱ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ምነው?»

«ዋሽቶኛል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንደገና?» አሉ። ያቺ አንዲት ቃል ከስድብ የባሰች ሆነችባት።

ቅዳሜ ጠዋት ፍላሹን አወጣች። እስከዳር ማስረጃውን ሳትሰማ መዝገብ ዘግታ አታውቅም። የሥራ አመሏ ነውና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበች፣ ባምላክ የጠገነውን ማዳመጫ ደፋች፣ ደቂቃውን እየተከተለች መጻፍ ጀመረች።

ከሙዚቃው ሥር የሚያንጎራጉር ነገር አለ። ወዲያው ለየችው። መብራት በጠፋ ቁጥር የችሎት ቅጂ ሁሉ እሱን ይዞ ይመጣል፤ በቀን አሥር ጊዜ «የጀነሬተር ድምፅ» ብላ ትጽፈዋለች። ጆሮዋን አቁማ ቀጠለች። ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ሰፈረ፦

«14፡05፤ ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ ያስልና ይቆማል። ኪቦርድና ቤዝ ይጠፋሉ።

14፡09፤ ከታዳሚ አንድ ሰው፦ ‹ምነው ደግሞ!›

14፡20፤ ድራም ያቆማል። ሳክስፎን ብቻ።

14፡31፤ ሳክስፎን ትንፋሽ ይወስዳል። ከውጭ፣ ከበሩ ጀርባ፣ የወጣት ወንድ ድምፅ፦ ‹አያ ፈጠነ! ኧረ አያ ፈጠነ! ናፍጣው አልቋል!›»

እስክሪብቶዋን ጣለች። መለሰችና ሰማችው። ደግማ መለሰችው። ድምፁ ከአሁኑ ቀጠን ይላል፣ የኮላ ድባ ለዛው ገና አልለቀቀውም፤ ግን በሺህ ሰው መሀል የማትስተው ድምፅ ነው። ጀነሬተሩ የተመለሰው 18፡15 ላይ ነበር። በጣቷ ቆጠረች። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

ወረቀቱን ይዛ አውቶፓርኮ ስትደርስ ባምላክ አንድ ራዲዮ ፈትቶ ተቀምጧል። ሳትቀመጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። አነበበው። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው።

«ከየት አገኘሽው?»

«ዛሬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም።»

«ባሕር ዳርስ?»

«ከጭነት መኪናው ኋላ።»

«አዲስ አበባስ?»

«ከምድር በታች፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ።» ቀና ብሎ አያት። «ጀነሬተር የሚያከራይ ሰው ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ እስኩ። ጀነሬተር ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቆም፣ ጩኸቱ እንዳይረብሽ። አንድም ኮንሰርት ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም። ነበርኩ ስልሽ ግን ነበርኩ።»

«ቆሞ ነው ያልከኝስ?»

«እሱን ዋሸሁ። ጨነቀኝና ገመትኩ።»

«ጀነሬተር ጠባቂ ነበርኩ ብትለኝ ምን እንዳልሆን ነው?»

«እሱ ብቻ ቢሆን እነግርሽ ነበር።» ውጭ ባጃጆች ይጯጯኻሉ። «አያ ፈጠነ አለቃዬ ነበሩ። ሾፌርም ሞተር አዋቂም እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ‹ናፍጣው ሲጋመስ ጥራኝ፣ ከሞተሩ እንዳትርቅ› ብለውኝ ወደ መኪናው ሄዱ። ዕንባቆም ሲጀምር አላስቻለኝም። ሄጄ የኋላ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሞተሩ ሲያስል ነው የነቃሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የጀነሬተሩ ባለቤት መጣ። የጠፋበትን ሰዓት በስልኩ ይዞታል። ‹አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አዋርዳችሁኛል፣ የማን ጥፋት ነው?› አለ። አያ ፈጠነ ‹የኔ ነው› አሉ። እዚያው አባረራቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር እስኩ። አልተናገርኩም።»

ስለዚህ ነበር ሰከንዱን የማይስተው። በዓል በመጣ ቁጥር ከከተማው ውጭ ፀዳ፣ ቤታቸው ድረስ የሚሄደው፣ ራዲዮናቸውን የሚጠግነው፣ እንደ አባት የሚጦራቸውም ስለዚህ ነው። ነገ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ዋናው አያ ፈጠነ ናቸው።

«ያውቃሉ?» አለችው።

«አያውቁም።»

እስከዳር ወረቀቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ልቧ ይቅር ብሎት ነበር፣ እሱን እንኳ ታውቀዋለች። ግን ይቅርታው የእሷ ብቻ አልነበረም።

«እኔን ብቻ ብትዋሸኝ እዚሁ በጨረስነው ነበር» አለችው። «ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸው።»

«ከነገርኳቸው አይመጡም።»

«አውቃለሁ።»

«ካልመጡ አባትሽ እሺ አይሉም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

አልለመናትም። የሱቁን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ሲያነሳ አየችው። ይሂድ ወይም ቤቱ ገብቶ ይተኛ፣ ማወቂያ አልነበራትም። እስከ ማታ ድረስ ስልክ አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም።

«ትናንት መልሱልኝ አልሽ፣ ዛሬ ስሟቸው ትያለሽ» አሉ አቶ ክንዱ፣ ማታ ሐሳቧን ስትነግራቸው። «እኔስ አንቺን ምኑን ልመንሽ?»

«ሳትሰማ አትፍረድ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም፣ በወጉ መሠረት እሺታ ሳያገኙ አልተቀመጡም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። «ሦስተኛችን እስኪመጣ እንታገሥ» አሉ። ልጅቱ በዚህ ጊዜ አትታይምና እስከዳር ጓዳ ናት። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች። ሳንቃው ጉንጯን ሲያቀዘቅዘው ባምላክ ያን እሁድ እንዴት ቆሞ እንደነበር ገባት።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። የአባቷ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ብሎ ሲቀመጥ ሰማች። አልነገራቸውም ይሆን? ነግሯቸው ቀርተው ይሆን? የቱ እንደሚሻላት ለራሷም ግራ ገባት። የለም፤ ነግሯቸው ቢቀሩ ይሻላታል። ይህን ስታስብ እንባዋ ወረደ።

የውጭው በር ተንኳኳ።

«መንገድ ዘግተውብኝ ከፀዳ በእግሬ ነው የመጣሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ አንድ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ። እግር እየጎተተ ገባ፣ እሱም አልተቀመጠም።

«ለባምላክ ልጅዎን ልንለምን ነው የመጣነው» አሉ አያ ፈጠነ።

አቶ ክንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁ ዋሾ ነው ብላኛለች ልጄ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

እስከዳር ጆሮዋን ይበልጥ ወደ ሳንቃው አስጠጋች።

«ጥፋተኛ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ጥፋተኛ ነው» አሉ አያ ፈጠነ። «በሱ ጥፋት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከሥራዬ ተባርሬያለሁ። ትናንት ከሰዓት ቤቴ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ። መጀመሪያ በዱላ ልለው ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ማንም ሳያውቅበት፣ ነገ ሽማግሌ እንደምሆነው እያወቀ፣ እንደምቀርበት እያወቀ መጥቶ የሚናገር ሰው ከየት አመጣለሁ? አያ ክንዱ፣ እኔ የተበደልኩት ሰውዬ መጥቼ ቆሜለታለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ዋስ ይፈልጋሉ?»

አያ ፈጠነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደግሞ እውነት ከተነሳ፣ እኔም መኪናው ውስጥ ተኝቼ ነበር። ነቅቼ ቢሆን ሞተሩ ሲያስል በሰማሁት። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ሌላው። እስከዳር መነጽሩ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ሰማች። አባቷ አልጠረጉትም፤ ዓይናቸው ላይ አደረጉት።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ክንዱ።

ሦስት ወንበሮች አንድ ላይ ተንሿጠጡ። ጓዳ ውስጥ ወይዘሮ አምሳል ልጃቸውን አቀፏት።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በቀጣዩ ጥር ጋሼ ኢዮስያስ ኮንሰርት ሊያዘጋጁ እንደገና ወገባቸውን ታጥቀው ተነሡ። ያው አዳራሽ፣ ያው እሁድ ከሰዓት፣ ጸጉሩ የሸበተው ዕንባቆም። ሁለት የጥሪ ወረቀት ለባምላክና ለሚስቱ ላኩ፤ ሦስተኛውን ወደ ፀዳ ላኩ። አያ ፈጠነ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተው ከፊታቸው ተቀመጡ።

ባምላክ ገና ሙዚቃው ሲጀምር ዓይኑን ጨፈነ። እስከዳር በክንዷ ጎሸም አደረገችው።

«ግለጥ። ለማየት ነው ያመጣሁህ።»

ገለጠ። የሳክስፎኑን ወርቅማ አንገት፣ የዕንባቆምን የተነፋ ጉንጭ፣ ድራመኛው ጥርሱን ሲነክስ፣ ሁሉንም እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ አየ። «ትከሻው እኮ ቀድሞ ይነሳል» አላት በሹክሹክታ። «ከመተንፈሱ በፊት ትከሻው ይነሳል!»

አራተኛው ሙዚቃ መሀል ላይ ከውጭ የሆነ ነገር አሳለና መብራቱ ድርግም አለ። ኪቦርዱ ጠፋ። ባምላክ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ከፊታቸውም በጨለማው ውስጥ ሌላ ወንበር ሲንሿጠጥ ተሰማ፤ አያ ፈጠነም ተነሥተዋል።

እስከዳር የባሏን እጅ ፈልጋ ያዘችና ወደ ታች ሳበችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «የዛሬው ያንተ ጥፋት አይደለም።»

ተቀመጠ። ዕንባቆም አላቆመም። ሳክስፎኑ ብቻውን ሄደ፣ ሄደ፣ ራቅ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። መብራቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። እስከዳር ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«አልቆጠርኩም» አላት።

እስከዳር አመነችው።